ሜሪላንድን የሰጠች ልጅ

ወገኖቼ፣ ባሕር ማዶ ልጅ የምናሳድግ ሁሉ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። እኔም ከጥፋቱ አለሁበት።

ለፋሲካ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳጆቻችን ቤት ነበርን። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው እስኪፈላ እንቆቅልሽ ተያዘ። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» አለ አንድ አጎት። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ መልሱ ጠፋት። «በይ ሀገር ስጪኝ!» ሲላት አሰብ አደረገችና «ሜሪላንድን ሰጠሁህ» አለችው።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄያለሁ። አንዱማ ስልኩን አውጥቶ «እስቲ ድገሚው» አላት። አልደገመችም። እስክንወጣ ድረስ አንዲት የአማርኛ ቃል አልተነፈሰችም።

ምን አጠፋች? ሀገር ስጪ ተባለች፣ ያላትን ሰጠች። ጎንደርን ከየት ታምጣው?

«ልጆቻችን አማርኛ እምቢ አሉ» እያልን እናማርራለን። አፋቸውን የምንዘጋው እኛው ነን እኮ። እንግሊዝኛ ለአባትም ለውሻም ያው አንድ «ዩ» ነው። ከዚያ የመጣ ልጅ ሽማግሌውን «አንተ» ቢል ስድ ይባላል። እናቱን «ና» ብሎ ቢጠራ መሳቂያ ነው። «ጠ»ን «ተ» ካደረገማ ድምፁ ተቀድቶ ለዘመድ አዝማድ ይላካል!

ታንሃ ላይ የምትባል ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመችው «ኢንሳይድ አውት ኤንድ ባክ አጌን» የሚባል የልጆች መጽሐፍ አለ። ታሪኩ ከዳር እስከ ዳር በአጫጭር ስንኞች ነው የተጻፈው። ሃ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1975 ከቬትናሟ ሳይጎን ሸሽታ አሜሪካ፣ አላባማ ትገባለች። ክፍል ውስጥ ፊደል ቆጥራ፣ ቁጥርም እስከ ሃያ ስትቆጥር ያጨበጭቡላታል። ልጅቷ ግን ትናደዳለች። ሀገሯ እያለች ክፍልፋይ ተምራለች፣ የወንዝ ውሃ ማጣራት ታውቃለች፤ ይህን የምትናገርበት ቋንቋ ነው ያጣችው። ያ ጭብጨባና የእኛ «እስቲ ድገሚው» ምን ይለያቸዋል? እንዲያውም የእኛው ይብሳል። ሃ የተጨበጨበላት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ የእኛዋ ልጅ የተሳቀባት ቤቷ ውስጥ ነው።

ደግሞ የሚቆጨኝ፣ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል የእንቆቅልሹን መልስ የነገራት ሰው አልነበረም። ሀገር ከሰጠች መልሱ ይገባታል፤ የጨዋታው ሕግ ነው። አጎትየው እንደ ደንቡ «ሜሪላንድ ገብቼ ምን አጥቼ» ይበልና ይንገራት። ጤዛ ነው። ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትጠብቅ ጫማዋን የሚያረጥበው።