ኮራሉን የሚገድለው ከተማው ነው ወይስ ሙቀቱ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «ለባህር ዳርቻ የኮራል ሪፎች ዋናው ጠላት የከተሞች መስፋፋት ነው።» (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ደጋፊ፦ ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው እንስሳ ነው። ሪፍ የምንለው ኮራሎች ባህር ውስጥ ተደራርበው የሚሠሩትን ክምር ነው። በሥጋው ውስጥ አልጌ የሚባሉ ዕፅ መሰል ጥቃቅን ፍጥረታት ይኖራሉ። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ያበሉታል። ብርሃን ከተከለከለ ጾሙን ያድራል። ከተማ ሲሰፋ የሚሆነው ይኸው ነው። ወደብ ይቆፈራል፣ ባህሩ በአፈር ይደፈናል፣ ደለሉ ውኃውን ያደፈርሰዋል። ሲንጋፖር ባህር እየደፈነች መሬቷን ስታሰፋ ከሪፎቿ 60 በመቶ ያህሉን አጥታለች። በ1960ዎቹ እስከ 10 ሜትር ያሳይ የነበረው ውኃዋ በኋላ ከ2 ሜትር ወዲያ አላሳይ ብሏል። ከከተማ የራቀ ሪፍ ግን ዛሬም ጤነኛ ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ተቃዋሚ፦ «ከከተማ የራቀ ሪፍ ጤነኛ ነው» አሉ? እባክዎ መልሰው ያንብቡት። በ2016 በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ክፉኛ የተመታው ሰሜኑ ነው። ትልቅ ከተማ በአካባቢው የለም። በዚያ 700 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ከነበረው ኮራል ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሞተ። የባህሩ ሙቀት ከተለመደው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፣ ይነጣል። ሙቀት ከተማ አለ የለም ብሎ አይመርጥም። ሰው ደግሞ የሆነ ቦታ መኖር አለበት።

ደጋፊ፦ ሰው አይኑር አላልኩም። ያልወጣኝን ቃል አይስጡኝ። ስለ ሲንጋፖርም አንድ ቃል አልመለሱም።

ሙቀት እንደሚገድል አልካድኩም። ግን ደለል ሲወድቅበት ኮራሉ ምን እንደሚሆን ቀርበው አይተው ያውቃሉ? ንፍጥ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ያመነጫል። አፈሩን በዚያ ጠቅልሎ ያራግፋል። ለዚህ ጉልበቱን ያፈሳል። ዛሬ ያራግፋል፣ ነገም ያራግፋል። ቁፋሮው ለወራት ሲቀጥል ግን ይደክመዋል። ዝልግልጉ ከነአፈሩ ላዩ ላይ ይጋገራል፣ ከሥሩ ሥጋው ይሞታል። የማያሚ ወደብ መግቢያ ከ2013 እስከ 2015 ሲቆፈር፣ በዙሪያው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኮራል መሞቱን ተመራማሪዎች አስልተዋል። ይህን ያደረገው የትኛው ሙቀት ነው?

ተቃዋሚ፦ የማያሚው መጥፎ ሥራ ነበር። መጥፎ ሥራና የከተማ ዕድገት ግን አንድ አይደሉም። እርስዎም «የራቀው ጤነኛ ነው» ብለው ነበር፣ ሆኖ አልተገኘም፣ ተሳስቻለሁ ግን አላሉም።

ሃዋይ ያለውን የካኔዎሄ ባሕረ ሰላጤ ይመልከቱ። ለዓመታት የከተማ ፍሳሽ ይለቀቅበት ነበር። ፍሳሹ ለአልጌ ማዳበሪያ ሆነ፤ አረንጓዴ አልጌ ኮራሉ ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጠፈ። በ1977 እና በ1978 ፍሳሹ ወደ ጥልቁ ባህር እንዲሄድ ተደረገ። በጥቂት ዓመታት አልጌው ቀነሰ፣ ኮራሉ አንሰራራ። ከተማው አልፈረሰም፣ ሰዉም አልተፈናቀለም። እኔ መሐንዲስ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ሥራ «ጠላት» ሲባል ያመኛል። ይህን ችግር ቧንቧ ይፈታዋል።

ደጋፊ፦ ያቺን ዓረፍተ ነገር መልሼ ወስጃታለሁ፤ በቃ ይተዉኝ። አሁን ወደ ቧንቧዎ እንምጣ። ቧንቧው መቼ መጣ? ሰዉ ከሰፈረ፣ አልጌው ከተነጠፈ፣ ኮራሉ ካለቀ በኋላ። መጀመሪያ ሆቴሉ ይቆማል፣ ቤቱ ይሸጣል፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ለሚቀጥለው በጀት ይባላል። የተደፈነውን ሪፍስ የትኛው ቧንቧ ይመልሰዋል? በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያድግ ኮራል አለ። እኔና እርስዎ ደርሰን አናየውም።

ተቃዋሚ፦ እንግዲህ የሚሉት ከተማ አይስፋ ሳይሆን ማጣሪያው ይቅደም ነው። ይህን መጀመሪያ ቢሉኝ ኖሮ እዚህ ባልደረስን።

ደጋፊ፦ ይሁን። ማጣሪያው ሥራ ሳይጀምር አንድም ቤት አይሸጥ። ይስማማሉ?

ተቃዋሚ፦ ማጣሪያ የሚሠራው በገንዘብ ነው። ገንዘቡ የሚገኘው ቤቱ ሲሸጥ ነው።

ደጋፊ፦ እስኪሸጥ ድረስ ፍሳሹ የት ነው የሚሄደው?