በ16 ዓመት «ምንም ተሰጥኦ የለኝም» ማለት ማስረጃ ያልቀረበበት ፍርድ ነው

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለፊያ 50 በመቶ ከሆነ ወዲህ ውጤት በወጣ ቁጥር አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ መቶኛው ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቶቹ 3.2፣ ከ2016ቶቹ 5.4፣ ከ2017ቶቹ ደግሞ 8.4 በመቶ አለፉ። በአራቱም ዓመት ከአሥር ተፈታኝ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው ወድቋል ማለት ነው። ለእነዚህ ልጆች ቤትም ሰፈርም የሚሰጣቸው ስም የታወቀ ነው፤ «ቀለም አይዘልቀውም» ይባላሉ። ልጁ ይህን ይሰማና ለራሱ አሳጥሮ ይይዘዋል፦ ምንም አልችልም፣ ለምንም አልሆንም። ፈተናው ገና ሁለትና ሦስት ዓመት የቀራቸው የአሥረኛና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችም ከወዲሁ ይህንኑ ይላሉ።

ይህ ፍርድ ስህተት ነው እንላለን። ስህተት የምንለው ልጅ ሁሉ ልዩ ስጦታ ይዞ ይወለዳል ብለን አይደለም። ፍርዱ የሚያርፍበት ማስረጃ በጣም ትንሽ፣ ያውም የተዛባ ስለሆነ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ፈተና ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ልጅ ሲወድቅ ምክንያቱን ልጁ ላይ መፈለግ ያስኬድ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ከነተማሪዎቹ ሲወድቅ ግን መጠየቅ ያለበት ስንት ወር የፊዚክስ መምህር እንዳልነበረ፣ አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደደረሰ፣ ቤተ ሙከራው ተከፍቶ ያውቅ እንደሆነ ነው። የልጁ ካርድ ላይ የሰፈረው ቁጥር የትምህርት ቤቱም ቁጥር ነው። ልጁ ግን ለብቻው ይሸከመዋል።

ሌላው መዛባት የሚመጣው ከዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮጀር ባርንስሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የካናዳን የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች የልደት ወር ቆጠሩ። ምርጥ በሚባሉት ቡድኖች ውስጥ በፈረንጆቹ ዓመት የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት እጅግ ይበዙ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ልጆች በዕድሜ የሚመደቡት ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ አንድ ጀምሮ ስለሆነ፣ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደው ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ከተወለደው በአንድ ዓመት ያህል ይበልጣል። ያ ብልጫ «ተሰጥኦ» ተብሎ ይታያል፤ የተሻለ አሠልጣኝና ብዙ የጨዋታ ሰዓት ያስገኛል፤ እያደርም እውነተኛ ብልጫ ይሆናል። በእኛ አገር ክፍሎች ውስጥ ልዩነቱ በወራት የሚቆጠር አይደለም። በሕጉ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመት ቢሆንም በስድስት ዓመቱ የገባና በዘጠኝ ዓመቱ የገባ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ትንሹ በየዓመቱ «ደካማ» እየተባለ ያድጋል፤ ዕድሜውን ከማን ጋር እንዳነጻጸሩበት ማንም አይነግረውም።

ጎበዝ የሚባሉትም ከዚህ አያመልጡም። ኸርበርት ማርሽ የተባሉ ተመራማሪ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ሁለት እኩል ችሎታ ካላቸው ተማሪዎች ብርቱ ተማሪዎች የተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት የገባው ስለራሱ ያለው ግምት ዝቅ ይላል። ከወረዳው አንደኛ ወጥቶ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር 30ኛ ሲወጣ፣ ከችሎታው የጎደለ ነገር የለም። የተለወጠው አጠገቡ የተቀመጠው ተማሪ ነው።

ተሰጥኦ የሚባል ነገር የለም፣ ልምምድ ብቻ ነው ወደሚለው ወገን ግን አንሄድም። እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ በሰዎች መካከል ካለው የብቃት ልዩነት ልምምድ የሚያብራራው በቼዝ መሰል ጨዋታዎች 26 በመቶ፣ በሙዚቃ 21 በመቶ፣ በስፖርት 18 በመቶ ገደማ እንደሆነ አግኝቷል። ሌላው ድርሻ የብዙ ነገር ድምር ነው፤ ተፈጥሮም አለበት። ለማንኛውም ልጅ «ከጣርክ የፈለግከውን ትሆናለህ» ማለት እውነት አይደለም፣ ልጆቹም ያውቁታል። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት ማን ከማን እንደሚበልጥ ነው። አብዛኛው ሥራ ደግሞ አንደኛ መውጣትን አይጠይቅም። የቤት ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ሰው ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ መጠቀሙን፣ ማያያዣውን አጥብቆ ማሰሩን፣ ኧርዙን አለመርሳቱን፣ በቀጠሮው ቀን መምጣቱን ነው የምንፈልገው። በአገሪቱ ስንተኛ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። የሒሳብ ሠራተኛም፣ ነርስም፣ ልብስ ሰፊም እንደዚሁ ናቸው።

ስለዚህ «ተሰጥኦዬ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት። ቁጭ ብለው ሲያስቡት መልስ የለውም፤ የሚያመጣው ጭንቀት ብቻ ነው። በምትኩ «በሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት ምን ልሞክር?» በሉ።

ሙከራው እንዲህ ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ይመረጣል። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 45 ደቂቃ፣ ለስድስት ሳምንት፤ ድምሩ 18 ሰዓት ነው። ማንንም ባለሙያ አያደርግም። የመጀመሪያውን ግርታ አልፎ ሥራው ከውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን ይበቃል። በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሌላ ሰው የሚጠቀምበት አንድ ነገር መውጣት አለበት። ይህን አጥብቀን እንናገራለን፤ ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ከሌለው የተማሩትን ለመመዘን አይቻልምና። አንዱ ሙከራ ሲያልቅ ከመጀመሪያው በጣም የራቀ ሌላ ይመረጣል፦ አንዱ የእጅ ሥራ፣ አንዱ ከቁጥር ወይም ከጽሑፍ ጋር፣ አንዱ ከሰው ጋር።

ለእጅ ሥራ ስፌትን እንውሰድ። ማሽን አያስፈልግም፤ መርፌ፣ ክር፣ መቀስ፣ ሜትርና አሮጌ አንሶላ ይበቃል። እስከ ሁለተኛው ሳምንት የትራስ ልብስ፣ እስከ ስድስተኛው ወገቡ ላስቲክ የሆነ ጉርድ ቀሚስ። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ቦታ አንድ ነው፤ በልኩ ይቆርጥና ለስፌቱ 1.5 ሳንቲ ሜትር መተው ይረሳል፣ ልብሱ ይጠብባል። ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም። የእያንዳንዱ ሰፊ የመጀመሪያ ስህተት ነው፣ ሁለተኛው ጨርቅ ላይ ይታረማል።

ለቁጥር የሰፈሩን ሱቅ የአንድ ወር ገቢና ወጪ በስልክ ላይ በጉግል ሺትስ ወይም በኤክሴል መያዝ ጥሩ ሥራ ነው። ባለሱቁን ማስፈቀድና ደብተራቸውን መለመን የሥራው ግማሽ ነው። እዚህ የሚያስቸግረው ሠንጠረዡ ላይ «250 ብር» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ፕሮግራሙ እንደ ጽሑፍ ስለሚያየው አይደምረውም። በሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩ ብቻ ይግባ፣ «ብር» የሚለው ከላይ በርእሱ ይጻፍ። ከሰው ጋር ለሚሆነው ደግሞ ሦስት የአራተኛ ክፍል ልጆችን ክፍልፋይ ማስተማር ይቻላል። ከመጀመራችሁ በፊት አሥር ጥያቄ፣ ስትጨርሱ ሌላ ተመሳሳይ አሥር ጥያቄ ስጧቸው። ለውጥ ካልታየ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አስተማሪው ብዙ ማውራቱ ነው፤ እርሳሱ በልጁ እጅ መቆየት አለበት።

በየቀኑ መጨረሻ ደብተር ላይ ሦስት መስመር ይጻፋል፦ ምን ሠራሁ፣ የት ላይ ተያዝኩ፣ ነገ በመጀመሪያ ምን አደርጋለሁ። ከሦስት መስመር በላይ አትጻፉ፤ ረጅም የሆነ እንደሆነ በሁለተኛው ሳምንት ይቆማል።

ብዙ ሙከራ የሚቋረጠው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መካከል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ስህተቱን አያየውም፤ ጉጉትም ይደግፈዋል። ዓይኑ ከእጁ ቀድሞ ሲበስል ግን የሠራው ሁሉ አስቀያሚ ሆኖ ይታየዋል። «አየህ፣ ተሰጥኦ የለኝም» የሚለው ያኔ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ስህተትን ማየት መቻል የመጀመሪያው የመሻሻል ምልክት ነው። በእነዚህ ቀናት ሥራውን ማሳነስ እንጂ ማቆም አይገባም፤ ሙሉ ቀሚስ የከበደው ለሁለት ቀን ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ይስፋ።

ሌላው ጠላት ቪዲዮ ነው። ዩቲዩብ ላይ 45 ደቂቃ ማየት የተማሩ ያስመስላል፣ እጅ ግን አልሠራም። አሥር ደቂቃ ታይቶ 35 ደቂቃ ይሠራ። ቲክቶክ ላይ የሚታየው የ17 ዓመት ሠዓሊ ደግሞ ከስንት የተጣለ ወረቀት በኋላ ያንን አንድ እንዳወጣው አይነግራችሁም። ከእሱ ሥራ ጋር የራሳችሁን የመጀመሪያ ሳምንት አታወዳድሩ፤ የራሳችሁን የስድስተኛ ሳምንት ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ።

አስተያየት ስትጠይቁም «ጥሩ ነው?» አትበሉ። ዘመድ «ጎበዝ» ይላል፣ ይህም ምንም አያስተምርም። ዕቃውን ለሚጠቀምበት ሰው ሰጥታችሁ «ከዚህ ውስጥ መጀመሪያ የሚቀይሩት የቱን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሱቁ «ዱቤው ለብቻው ይታየኝ» ካሉ፣ ከመቶ «ጎበዝ» የሚበልጥ ነገር አገኛችሁ።

ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ ከደብተሩ የሚነበቡ ሁለት ነገሮች አሉ። የምትያዙበት ቦታ እየተለወጠ መጥቷል? በአምስተኛው ሳምንትም በመጀመሪያው ቀን የተያዛችሁበት ላይ ከሆናችሁ አስተማሪ ወይም መንገድ ይቀየር። ማንም ሳይነግራችሁ የተመለሳችሁባቸው ቀናት ነበሩ? ሥራ ሁሉ አሰልቺ ጎን አለው። አንዳንዱ ሰው ያንኑ ቁጥር ደጋግሞ ማመሳከር ያስችለዋል፣ አንዳንዱ በአሥር ደቂቃ ይንገበገባል። የየትኛውን ሥራ አሰልቺ ጎን እንደምትችሉት ማወቅ ከየትኛው ደስ እንደሚላችሁ የበለጠ ለሙያ ምርጫ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ከሙከራው ጎን ለጎን በዚያ ሥራ የሚተዳደር አንድ ሰው አነጋግሩ። ገበያ በማይበዛበት ሰዓት ሂዱ፣ ከ20 ደቂቃ በላይ አትውሰዱ። «ሥራዎን ይወዱታል?» አይጠቅምም። «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን ምን ሠሩ? የመጀመሪያውን ክፍያ እንዴት አገኙ? ጀማሪ አሁን በወር ስንት ያገኛል? ምን ወረቀት ይጠየቃል? ጀማሪ የሚባረረው በምን ጥፋት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ያስተምራል።

መንገዱ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አለመሆኑን ሁሉም ይናገራል፤ ሌላውን መንገድ እንዴት መመርመር እንደሚገባ ግን ጥቂቶች ናቸው የሚናገሩት። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ ተከፍሎ ይሰጣል፤ የብቃት ምዘናው፣ ማለትም ሲኦሲ፣ ካልታለፈ ሥልጠናው ሥራ ፍለጋ ላይ ግማሽ ነው። ኮሌጅ ከመመዝገባችሁ በፊት ዎርክሾፑን በአካል እዩ። ማሽኖቹ ይሠራሉ? ለስንት ሠልጣኝ አንድ ማሽን ይደርሳል? የትብብር ሥልጠናው በየትኛው ድርጅት ነው፣ እዚያስ ሠልጣኙ ዕቃ ይነካል ወይስ ይጠርጋል? ካለፈው ዓመት ሠልጣኞች ስንቱ ምዘናውን አለፉ? ወደ ኮምፒውተር የሚያደላ ልጅ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ነፃ ሥልጠና፣ ምዝገባው ክፍት ከሆነ፣ እንደ አንድ ሙከራ ሊይዘው ይችላል። የሚጠይቀው ኢንተርኔትና ጊዜ ነው። ሰርተፊኬቱን ብቻ ፈልጎ መልሶችን እየቀዱ ማለፍ ግን ስለ ራስ ምንም አይነግርም።

ስለ ሴት ልጆች ለይተን የምንለው አለ። 45 ደቂቃ ለብዙ ወንድ ልጅ የፍላጎት ጉዳይ ነው። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አጥባ የምትተኛ ልጅ ግን ፍላጎቷ ቢኖርም ጊዜው የላትም። ወላጅ «ልጄ ምንም ዝንባሌ የላትም» ከማለቱ በፊት በሳምንት አራት ቀን ያንን 45 ደቂቃ የማን እጅ እንደሚሸፍንላት ይወስን። ወንድሟ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዴ ደግሞ «ለምንም አልሆንም» የሚለው ሐሳብ የሙያ ጥያቄ አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ስሜቱ የወደቀ ወይም ይወደው የነበረው ሁሉ የሰለቸው፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ የተለወጠ ልጅ የድብርት ሕመም ሊኖርበት ይችላል። ሕክምና አለው። ስለ መሞት ካነሳ ብቻውን አይተው፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይወሰድ። አዲስ አበባ ለሆነ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በሌላው ቦታ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይጀመራል።

ትምህርት ቤቶች ሊያደርጉት የሚችሉት ትንሽ ነገር አለ። 11ኛ ክፍል ሲገባ የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ምርጫ ይደረጋል፤ ብዙ ተማሪ የሚሞላው ጓደኛው የሞላውን፣ ወይም «የተፈጥሮ የጎበዞች ነው» የተባለውን ነው። የዘጠነኛ ክፍል ክረምት ለአንድ የስድስት ሳምንት ሙከራ ይበቃል፣ የአሥረኛ ክፍል ክረምት ለሌላ። የክፍል ኃላፊ መምህራን ቅጹን ከማስሞላታቸው በፊት ደብተሩን ይጠይቁ፤ ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር አምስት ደቂቃ ተቀምጠው የት የት ላይ እንደተያዘና የትኛውን ሥራ ማንም ሳይነግረው እንደተመለሰበት ያንብቡለት። ቅጹ ከዚያ በኋላ ይሞላ።