ማስተካከያ፦ ስለ ኡኩሌሌ መጠን

ባለፈው ጊታር ስለሚመስለው ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ፣ ስለ ኡኩሌሌ ስጽፍ «አራቱም መጠኖች ቅኝታቸው አንድ ነው፤ ጀማሪ ደስ ያለውን ይግዛ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

መጠኖቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሶፕራኖ፣ ኮንሰርት፣ ቴነርና ባሪቶን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በተለምዶ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብለው ነው የሚቃኙት። ባሪቶን ግን ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው፤ ልክ እንደ ጊታር አራቱ ቀጫጭን ክሮች። ታዲያ ባሪቶን ይዛችሁ የጀማሪ ቪዲዮ ስትከተሉ ጉድ ይፈላል። የቀለበት ጣታችሁን የታችኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግዳሚ ሽቦዎች የተከፈለ ቦታ) ላይ ታሳርፋላችሁ፤ አስተማሪው ዶ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ሲወጣለት የእናንተ ሶል ይሆናል። ጣታችሁ ግን ምንም አላጠፋም! ጊታር ለሚያውቅ ሰው ግን ባሪቶን እጅግ ይመቻል።

«ሶፕራኖ ትንሽ ስለሆነ ለሁሉም ይቀላል» ያልኩትም ልክ አልነበረም። ርዝመቱ 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለልጅ እጅ ግሩም ነው። ጣቱ ወፈር ላለ አዋቂ ግን ፍሬቶቹ ይጠጋጉበታል፤ አንዱን ክር ሲጫን ጎረቤቱንም ይነካል። 58 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነው ኮንሰርት ትንሽ ፋታ ይሰጣል። እኔን ብትጠይቁኝ ለአዋቂ ጀማሪ እሱን ነው የምለው።

የኔን ምክር ሰምታችሁ ሶፕራኖ የገዛችሁ ካላችሁ ለመቀየር አትጣደፉ። ኮርዶቹ ከኮንሰርት ጋር ያው ናቸው።