ማስተካከያ፦ ጥገኝነት ለመጠየቅ የግድ የፓርቲ አባል መሆን አያስፈልግም

ባለፈው አሜሪካ ውስጥ ስለሚጠየቅ የፖለቲካ ጥገኝነት ስጽፍ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። ይቅርታ። የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ስለሆነ በዝምታ ማለፍ አልፈልግም።

«የፓርቲ አባል ካልሆንክ አይሳካልህም» ብዬ ነበር። ልክ አይደለም። አሳዳጁ «ተቃዋሚ ነህ» ብሎ ከፈረጀህ፣ ፖለቲካ ውስጥ ባትኖርም አቤቱታህ ሊያስኬድ ይችላል። ዋናው ጥያቄ ጥቃቱ ለምን ደረሰብህ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአንድ ጓቲማላዊ ወጣትን ጉዳይ አይቶ ነበር። ሽምቅ ተዋጊዎች ሊመለምሉት ሲሉ እምቢ ብሏል። ፍርድ ቤቱ ግን እምቢታው ብቻውን አይበቃም አለ። ያሳደዱት በፖለቲካ አመለካከቱ የተነሳ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ቀጥተኛ ባይሆን እንኳ ከሁኔታዎች ተነስቶ የሚያስረዳ፣ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተቴ «አደጋው ከ50 በመቶ በላይ መሆኑን አስረዳ» ማለቴ ነው። ያ መስፈርት የሌላ ጥያቄ ነው፤ ወደሚያሰጋህ አገር እንዳትመለስ ብቻ የሚከለክለው። ለጥገኝነት በቂ ምክንያት ያለው ስጋት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1987 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካርዶዛ ፎንሴካ በተባለው መዝገብ፣ የመሳደድ ዕድሉ 10 በመቶ ቢሆን እንኳ ሊበቃ እንደሚችል ተናግሯል።

በእኔ ጽሑፍ ተስፋ ቆርጣችሁ ማመልከቻ ያላስገባችሁ ካላችሁ፣ አሜሪካ ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር የአንድ ዓመት ገደብ አለ። ዛሬውኑ ጠበቃ አናግሩ።