ደግና ቤተሰብ ወዳድ ነበሩ

በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ባለታሪኩን ሳይነካ ዙሪያውን የሚዞር የጽሑፍ ዓይነት ነው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው ሸዋ ጠቅላይ ግዛት በእንዲህ ያለ አውራጃ ተወለዱ» ተብሎ ሲጀመር፣ ፀሐይ ላይ የቆመው ለቀስተኛ ሟቿን ከማወቁ በፊት የሀገሪቱን የአስተዳደር አከፋፈል ይከልሳል።

የአክስታችንም ታሪክ ከዚህ ደንብ አልወጣም። ዘመነ ልደታቸውን ሲጠየቁ «ጣሊያን ሲወጣ ዳዴ እል ነበር» ከማለት በቀር ሌላ ማስረጃ ስላልነበራቸው፣ ለጸሐፊነት የተመረጠው ዘመድ ከ1933 ዓ.ም. ላይ አንድ ቀንሶ 1932 ብሎ ጻፈ፤ ዳዴውን በስንት ወራቸው እንደጀመሩ ግን ሁለት ሽማግሌዎች ክፉኛ ተከራክረውበታል። ቀጥሎ ልጆቻቸው መጡ። አሜሪካ ያለው ኢንጂነር ከነዲግሪው፣ ነጋዴው ከነድርጅቱ፣ ካናዳ ያለችው ከነከተማዋ ከተዘረዘሩ በኋላ፣ እናቷን ስታስታምም፣ ገላቸውን ስታጥብና አልጋቸውን ስታነጥፍ ዕድሜዋን የጨረሰችው የመጨረሻዋ ልጅ «እንዲሁም ሌላ አንዲት ሴት ልጅ» ተብላ አለፈች። የሟቿ ጠባይ በአንድ መስመር ተጠናቀቀ፦ ደግና ቤተሰብ ወዳድ ነበሩ።

ደግነታቸው በአንድ መስመር እንደማያልቅ የሚያውቀው ንብረቱ የተሰጠበት ሰው ነው። ኢንጂነሩ የላከላቸው ካፖርት በሳምንቱ በሰፈሩ ዘበኛ ትከሻ ላይ ሲገኝ፣ «ብርድ የያዘው እሱን ነው፤ እኔን የያዘኝ እርጅና ነው፤ እርጅና ደግሞ በካፖርት አይመለስም» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ እርሳቸው ትርፍ ቤት ቀርቶ ትርፍ ፍራሽ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ትርፍ ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ መንግሥት አልፈለገውም። ከገጠር ለትምህርት የመጣ ዘመድ፣ የዘመዱ ጎረቤት፣ የጎረቤቱም ወንድም እዚያው ያድር ነበር። ከባሏ ተጣልታ «ለዛሬ ብቻ» ብላ የገባች ሴት ልጇን እዚያው ቤት ድራ ነው የወጣችው።

ቤተሰብ ወዳድነታቸውስ? እያንዳንዱን የልጅ ልጅ ለብቻው ጓዳ ጠርተው፣ ከመቀነታቸው ብር ፈትተው፣ «ከሁሉም የምወደው አንተን ነው፤ ለሌሎቹ እንዳትነግር» ይሉ ነበር። ሁሉም ቃሉን ጠብቆ ኖረ። ምስጢሩ የፈነዳው በድንኳኑ ውስጥ፣ ንፍሮ በሚታደልበት ሰዓት ነው፤ አንዱ ዕንባ አሸንፎት ሲናገር፣ ሌሎቹ ሰባት ቀና ብለው ተያዩ፣ ለቅሶውም ለጊዜው ቆሞ በይገባኛል ክርክር ተተካ። (ለእኔም ብለውኛል፤ የእኔ ግን ከልብ ነበር።)

ከሠልስት በኋላ ደግሞ እንግዳ ሰዎች መምጣት ጀመሩ፤ አንዱ ማንም የማያውቀውን ብድር ሊመልስ፣ ሌላዋ በየወሩ ይሰጧት የነበረውን ብር ከእንግዲህ የሚቀጥልላት ማን እንደሆነ ልትጠይቅ። ውጭ ያሉት ልጆች ይህን ሲሰሙ በስልክ የሒሳብ መዝገብ ጠየቁ፤ መዝገብ ስላልተገኘም የእናታቸውን ደግነት የሚያጣራ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ሊቀ መንበርና ጸሐፊ መርጦ፣ ቃለ ጉባኤ እየያዘ በየእሑዱ ይሰበሰባል፤ ሴትዮዋ ለማን ምን እንደሰጡ እስካሁን ያልደረሰበት ሲሆን፣ ለስብሰባው የሚፈላው ቡናና የሚቀርበው ዳቦ በዚያች «ሌላ አንዲት ሴት ልጅ» ወጪ እንዲቀጥል ግን በሙሉ ድምፅ ወስኗል።