ማስተካከያ፦ ስለ ጡት ካንሰር የጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት «ወደ ጥቂት ቦታ ብቻ የተሰራጨ የጡት ካንሰር በኦፕራሲዮንና በጨረር ቢታከም ዕድሜ ይረዝማል» ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነ፣ ታካሚዎች በዕጣ የተመደቡበት ክሊኒካዊ ሙከራ ይህን አላሳየም። ካንሰሩ እስከ 4 ቦታ ተሰራጭቶባቸው፣ ከመድኃኒት በተጨማሪ ቦታዎቹ የታከሙላቸው ሰዎች መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት የበለጠ አልኖሩም።

አንዲት የደሴ እህት ጽሑፌን አንብባ «ለክኒኑ የቋጠርኩትን ብር ለጨረር ላቆየው ወይ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። አብሽሪ እህቴ፣ ክኒኑን እንዳታቋርጪ። ጨረር የአጥንት ሕመም ያስታግሳል፤ ኦፕራሲዮንም ለሚደማ ቁስል ሊጠቅም ይችላል። እሱን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ።

ገና ያልተሰራጨ ካንሰር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ኦፕራሲዮን ዋናው ሕክምና ነው፤ አይዘግይ።