አልጋው መጣ!

የኮምቦልቻ ልጆች ሲያዩን «አልጋው መጣ!» እያሉ ይሮጣሉ። አልተሳሳቱም። የኛን ሳይክል ተደግፈህ ነው የምትነዳው። ወንበሩ እስከ ትከሻ ይደርሳል፤ ፔዳሉ ከፊትህ ነው፣ እግርህን ዘርግተህ ትገፋዋለህ። ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ ሁለት። በያጅ ወዳጄ አሮጌ ሳይክሎችን ቆራርጦ ሠራልን። ካቴናው ብቻ የሦስት ሳይክል ነው፣ ተቀጣጥሎ።

አዋቂዎቹ ግን ከልጆቹ ይብሳሉ። «ይሄ ደሞ ሳይክል ነው?» ይሉኛል። ይቺ ወሬ አዲስ አይደለችም። በፈረንጆቹ 1933 ፍራንሲስ ፎር የሚባል ፈረንሳዊ እንዲህ ተደግፈው በሚነዱት፣ ግን ባለሁለት ጎማ ሳይክል በአንድ ሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ፣ 19 ዓመት ገደማ ማንም ያልደፈረውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ምን አለ? ይሄ ሳይክል አይደለም!

እኔ የምለው፣ ሳይክል የጎረምሳ ብቻ ነው ያለው ማነው? እኔ ወገቤን ያመኛል፣ ተራው ሳይክል ላይ ሩብ ሰዓት አልቆይም። ባለቤቴ ደግሞ ልጅ ሆና «ለሴት ነውር ነው» ተብላ ሳትለምድ ቀረች። አሁን ሚዛን መጠበቅ የለ፣ መውደቅ የለ፣ ቀሚሷን እንደለበሰች ወደ ቦርከና ወንዝ ትነዳለች። ካቴናው ቀሚሷን እንዳይበላባት በፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ውስጥ አሳለፍነው። ሐሳቡ የሷ ነው።

እንከኑን አልደብቅም። ዝቅ ያለ ስለሆነ የአይሱዙ ሹፌር ላያይህ ይችላል። ስለዚህ ከኋላ ረጅም ዘንግ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረናል፣ ባጃጁ በሚበዛበት ሰዓትም አንወጣም። ዳገት ላይ ደግሞ ከወንበር ተነስቶ በክብደት መርገጥ የሚባል ነገር የለም። ለኮምቦልቻ ሜዳ ይሆናል እንጂ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መግባት? አይሞከርም። ደሴ ያለው ወንድሜ ፎቶውን አይቶ «ለጦሳ ተራራ ግርጌ ሰው ይሄን? አብሽር፣ እኔ በእግሬ ይሻለኛል» አለኝ። እውነቱን ነው።

አንድ ሳይክል ለሦስት ሰው ጣጣም አለው። እኔ እግረ ረጅም ነኝ፣ ባለቤቴ አጭር ናት፣ ልጃችን ገና እያደገች ነው። ሰው በተቀያየረ ቁጥር ወንበሩን በ14 ቁጥር የብሎን ቁልፍ ፈትቶ መግፋት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቁልፉ ጠፋ። ማን እንደደበቀው እጠረጥራለሁ። ወንበሩ በባለቤቴ ልክ ነበር። ፈገግ ብላ ተደገፈችና ሄደች፤ እኔና ልጄ በእግር ተከተልን።